የምላጭ ሒሳብ

ሱቄ ሙጋድ መውረጃው ላይ ናት፣ ከወፍጮ ቤቱ አለፍ ብሎ፣
ጉሙ ከጦሳ ሲወርድ፣ ቀትሩን እንደ ነጠላ ጠቅልሎ፣
በቀን አምፖል የማበራባት።
ሳሙና፣ ክብሪት፣ ባትሪ፣ የተቆነጠረ ቅመም፤
ምላጭም እሸጣለሁ፤
ሠላሳ ዓመቴ ነው፣ ይኸን ክረምት ብከርም።

የነጋዴ ዐይን ሚዛን ነው፤ ሰውን ከእጁ ያነባል።
ጺም ያለው ፓኮውን ያነሣል፣
ዋጋ ይከራከራል፣ አገጩን እያሻሸ ይስቃል።
ጺም የሌላት ስትመጣ ግን፣ አንገቷን ደፍታ፣ ቀስ ብላ፣
"አንዲት ምላጭ" ትላለች። አንዲት ብቻ። ሌላ
አትጠይቅም፤ መልሷንም አትቆጥር።
በአሮጌ ደብተር ወረቀት እጠቀልልላታለሁ፣
ጠርዙን ሁለቴ አጥፌ፣ ጣቷን እንዳይቆርጣት ስጥር።
"እንኳን በሰላም ተገላገለች" ብዬ እሸኛታለሁ።
በሰባተኛው ቀን ጧት፣ ከወፍጮው ጩኸት በላይ፣
አንዲት ቀጭን ድምፅ ትመጣለች።
ራዲዮኔን ከፍ አደርጋለሁ።

የዱቤ መዝገብ አለኝ፤ ስኳር፣ ዘይት፣ ሻማ፣ ሁሉ
በየስሙ የሰፈረ፣ ከነቀኑ፣ ከነአመሉ፤
ምላጭ ግን በዱቤ ሄዶ አያውቅም።
ማን ያስመዘግባል ስሙን?

እትዬ ጦይባ ደንበኛዬ ነበረች፤ "እጇ ቀላል" የሚሏት፣
የግማሹን ሰፈር እትብት የቆረጠች፣ ምጥ የማያስደነግጣት።
የእኔን ሉባባ ለመግረዝ ስትመጣም
ከዚሁ መደርደሪያ ወሰደች፤ የቋጠረችውን ሳንቲም ስትፈታ፣
"ኧረ ይቅር" አልኳት፣ "የቤት ነው!"
ኮራሁም። እንደ ስጦታ።

ባለፈው ጥር ቅሬው ተጠራ። ድንኳን ተተከለ፣
ሬሳ ሳይኖር። "ደግሞ ማን ሞተ?" ያላለ
አልነበረም።
የጤናዋ ልጅ መርየማ ሥዕል ዘርግታ አስረዳች፤
እኛ ወንዶቹ ሽቅብ ሸራውን አየን፣ ስፌቱን ቆጠርን።
"ያባት ነው" አለ አንዱ። "የሃይማኖት ነው" አለ አንዱ።
ሼሁና ቄሱ ካንድ አግዳሚ ላይ ተያዩ።
"በእኛ መጽሐፍ የለም።" "በእኛም።"
ከዚያ ዝም።

አራስ ከቤት አይወጣም። ሉባባ ወጣች።
ሆስፒታል ሦስት ሌሊት ያማጠች ልጄ፣
ስድስት ቀን የሆናትን ሕፃን እንዳቀፈች፣
ከሴቶቹ መሐል ተነሣች።
"አባባ" አለች፣ በሰው ፊት፣
"የእኔ ምላጭ ዋጋው ስንት ነበር?"

ለገዢ ሁሉ መልስ የምሰጥ፣ የሽርፍራፊ አዋቂ፣
ሠላሳ ዓመት ያልተሳሳትኩ፣
መልስ አጣሁ።

እትዬ ጦይባም ተነሣች፤ እጇን ዘረጋች፣ ባዶውን።
"እኔስ ምን ልብላ?" አለች። ማንም አልመለሰላት።
ቅሬው ግን ጻፈ፦ ሴት ልጁን ያስገረዘ ሰው
ሲሞትበት ድንኳን የለው፣ ቀባሪ የለው።
ፈረምን። እጄ ሲንቀጠቀጥ ያየ ጎረቤት
"ዛሬስ ብርዱ!" ብሎ ሸፈነልኝ።

አሁን ገዢ ሲመጣ "ለጺም ነው?" እላለሁ።
ይስቁብኛል፤ "ሐኪሙ" የሚል ስም አወጡልኝ።
ከታች ያለው ሱቅ አይጠይቅም፤ ይኸንንም አውቃለሁ።
እትዬ ጦይባ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ቆሎ ትሸጣለች፤
ስታየኝ ፊቷን ታዞራለች።
በየማታው አንድ ስኒ እገዛታለሁ፣
ሳልከራከር፣ መልስ ሳልቆጥር።

በመዝገቤ መጨረሻ ገጽ
"ሉባባ፣ አንዲት ምላጭ" ብዬ ጽፌአለሁ።
ባለዕዳው እኔ ነኝ። የዋጋውን ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ።

ራዲዮኑን ሸጥኩት።
የማን አራስ ስንተኛ ቀኗ እንደሆነ እቆጥራለሁ፤
ወፍጮው ሲያርፍ ጆሮዬን አቆማለሁ።
ከላይ፣ ከሉባባ ቤት፣ የልጅ ለቅሶ ይመጣል፤
የጡት ነው፤ ይኸን ለይቻለሁ።
ከታች፣ ከጉሙ ውስጥ፣ ሌላ ልጅ ታለቅሳለች።
የምን ይሆን?

ሱቄን ሳልዘጋ ወጣሁ።